ጋሳይ ላይ የቀላው ሰይፍ

ከዚህ ክረምት ጀምሮ ሥራዬ ገጠር ለገጠር እየዞርኩ በፀሐይ የሚሠሩ የውሃ ፓምፖችን መጠገን ሆኗል። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር የነበረችኝን ግማሽ ሱቅ ለአንድ የሞባይል ሽፋን ሻጭ ለቅቄ ዕቃዬን በጋሪ ስጭን፣ የቴአትር ክበቡ ልጆች ሊያግዙኝ መጡ። ከተሰባበረው ሬዲዮና ከተጠላለፈው ሽቦ መሐል አንዷ ሰይፉን መዘዘችው። ጋሳይ ላይ የቀላው ይኼ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። አንዱ ልጅ፣ ተዋናዩ ሆን ብሎ ነው ያቀላው ሲባል ሰምቷል። ሌላው ደብተራ ድግምት ደግሞበት ነው የሚል ሰምቷል። እኔ ማውራት አይሆንልኝም፤ በቃል ስጀምር ነገሩ መሐል ላይ ይጠፋኛል። እጽፈዋለሁ አልኳቸው። ይኸው።

ሥራውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። የጀመርኩት ወንዛዬ ፍል ውሃው ዳር፣ ሳሙናና ብስኩት የሚሸጥ ሰው ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ወንዛዬ የሚመጣ ሰው ለሕመሙ ወይም ለድካሙ ይመጣል፤ ሲታጠብ ግን የእጅ ባትሪውን፣ ሬዲዮውን፣ እየቆየም ሞባይሉን ውሃ ውስጥ ይጥላል። «ስልኬ ውሃ ጠጣ» ይላሉ፣ ልጃቸው ሰክሮ እንደገባ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው። እኔ ፈትቼ አደርቃለሁ። ጠዋት እንፋሎቱ ተነሥቶ በረንዳዬን ሲሸፍነው እጄ የያዘው ዕቃ እንኳ በግልጽ አይታየኝም ነበር። ትንንሾቹን ብሎኖች በዓይኔ ሳይሆን በጣቴ ነው የለመድኳቸው። የጠገንኩትን ባትሪ እዚያ እንፋሎት ውስጥ ሳበራው ጨረሩ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል፤ እጄን ብዘረጋ የምይዘው ይመስለኛል። አለቃዬ ደሞዜን የሚከፍለኝ ትዝ ሲለው ነበር። ደንበኛውን ሁሉ «ነገ ይደርሳል» ብሎ ይሸኛል፤ ያንን ነገ የማደርሰው እኔ ነኝ። እዚያ ጥቂት ከከረምኩ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ወጣሁ።

ደብረ ታቦር የተከራየሁት ግማሽ ሱቅ ነው። ሌላው ግማሽ የልብስ ሰፊው የጋሽ እንድሪስ ነበር። በመሐላችን አንድ የአቡጀዲ መጋረጃ ብቻ አለ። እሳቸው የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ የእኔ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል፤ ስታኞው፣ የመበየጃው እርሳስ፣ ቀልጦ ሳለ ከረገጡ ጠብታው አጉል ቦታ ይወድቅብኛል። ስለዚህ ልበይድ ስል ያቁሙልኝ እላቸዋለሁ። እሳቸውም እግራቸውን ያነሡና «ቆምኩልህ። ቶሎ በል እንግዲህ፣ ሙሽራ እያስጠበቅህ ነው» ይላሉ።

ስለ ቀለም የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው፣ የሚያስተምሩኝ ሳይመስላቸው። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ክር የሚመርጡት ሱቅ ውስጥ አልነበረም። ጨርቁን ይዘው ደጃፍ ይወጣሉ። ፀሐዩ ላይ አይቆሙም፣ ጥላው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ነው የሚቆሙት። ጨርቁንም ወዲያው አያዩትም። መጀመሪያ ፊታቸውን ያዞሩና የማዶውን ግራጫ ቆርቆሮ፣ ጭጋግ ከወረደም ጭጋጉን፣ ጥቂት ያያሉ። ዓይኔን እያጠብኩ ነው ይላሉ። ቀይ ሲሰፋ የዋለ ዓይን የሌለ አረንጓዴ ያያልና፣ ሳይታጠብ አይታመንም። ከዚያ የክሩን ጥቅል ጨርቁ ላይ አያስቀምጡም፤ አንዲት ክር ይመዙና ያጋድሟታል። ጥቅሉ ብዙ ሆኖ ስለሚጠቁር ያታልላል፣ ክር መልኩ የሚወጣው ብቻውን ሲሆን ነው። ልብሱ ሲያልቅም ባለቤቱን ያለብሱትና መንገዱን ተሻግሮ እንዲቆም ያዙታል። አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። «አጠገብህ ሆና ልብስህን የምታይ ሚስትህ ብቻ ናት፤ አገር የሚያይህ ከዚያ ማዶ ነው» ይሉታል።

የቴአትር ክበቡን ያወቅሁት አለቃው ጥላሁን የተቃጠለ ድምፅ ማጉያ ሲያመጣልኝ ነው። ድምፅ ማጉያው አልዳነም፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። በወንፊት ጨረቃ ሠራሁላቸው። የጅብ ዓይን ሠራሁላቸው፤ የፊት ወንበር የተቀመጡ ልጆች አልቅሰው ወጡ። ከዚያ ጥላሁን አንድ ቴአትር ጻፈ። ሁለት ሰዎች አንድ ወንጀል ሠርታችኋል ተብለው ይከሰሳሉ፤ ዳኛው ሰይፉን ያስይዛቸውና ያስምላቸዋል። እውነተኛው ሲምል ሰይፉ ነጭ እንደሆነ ይቆያል፤ ሐሰተኛው ሲምል ይቀላል። ሰይፉ ራሱ ይተውን ነበር ያለኝ።

እስከዚያን ጊዜ ነጭ አንድ ይመስለኝ ነበር። ከሞቱ የእጅ ባትሪዎችና ከተሰባበሩ መብራቶች ኤልኢዲ የሚባሉትን ጥቃቅን አምፖሎች ለቅሜ በአንድ መስመር በየድኳቸው። ሳበራቸው አንዱ እንደ አጓት ሰማያዊ ነው፤ ጎረቤቱ ቅቤ የነካው ይመስላል፤ ሦስተኛው ወይን ጠጅ ያዘለ ነገር አለው። ለየብቻቸው ሳያቸው ሁሉም ነጭ ነበሩ። ጋሽ እንድሪስ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩና «ይኼ ሰይፍ ነው የለማኝ ቁምጣ?» አሉኝ። ጥቂት ስቀው ሲያበቁ ግን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አምፖሉን አፍጥጠህ አትየው፣ ዓይንህን ይመታሃል አሉኝ። ያልተነከረ የፈትል ክር ከመሳቢያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙና፣ የእያንዳንዱን አምፖል ብርሃን ክሩ ላይ እያሳረፍኩ እንዳይ አደረጉኝ። እውነትም ያኔ ታየኝ። አጓቱን ከአጓት፣ ወተቱን ከወተት፣ ቅቤውን ከቅቤ ጋር ለየሁ። ነገር ግን ለአንድ ሰይፍ የሚበቃ አንድ ዓይነት አልሞላልኝም። ከባሕር ዳር አዲስ ባስመጣም አንዱ እሽግ ከሌላው አይገጥምም። ቀዩን ለብቻው በሌላ መስመር ሳስገባ ደግሞ ሰይፉ ጥለት ያለው ይመስላል።

በመጨረሻ ነጭ አምፖል መፈለጉን ተውኩት። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በልኩ ሲደባለቅ ነጭ ይሆናል፤ ይህን ከተሰበረ ቴሌቪዥን ነው የተማርኩት። ሦስቱን በየቦታው አጣመርኳቸው። እጀታው ላይ አውራ ጣት የምታርፍበት ቦታ አንዲት ቁልፍ ደበቅሁ፤ ስትጫን አረንጓዴውና ሰማያዊው ይጠፋሉ፣ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። አስቸጋሪው ልኩ ነበር። ሰማያዊው ጌታ መሆን ይወዳል። አረንጓዴው ትንሽ ከበዛ ሰውን የታመመ ያስመስላል። የየአምፖሉን ጉልበት የምትቀንሰውን አንዷን ሬዚስተር አንሥቼ ሌላዋን እበይድና ብርሃኑን ክሩ ላይ አሳርፌ ጋሽ እንድሪስን እጠራለሁ። እሳቸው ቆርቆሮውን ያዩና ዓይናቸውን አጥበው ይመለሳሉ። አረንጓዴ ከበዛ «ታሟል» ይላሉ። ሰማያዊ ከበዛ «በርዶታል»። ቀይ ካየለ «አፍሯል»። ያን ክረምት እንዲህ አለፈ፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ውስጥ አንድ ብርሃን ይታመማል፣ ይበርደዋል፣ ያፍራል፣ ደግሞ ይድናል።

ለሰይፉ ስለት የተጠቀምኩት ከአንድ ቢሮ ጣሪያ የወደቀ ወተት መሳይ የመብራት ክዳን ነው፤ በመጋዝ ቀርጬ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አሳሳሁት። አምፖሎቹ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ለየብቻ እንዳይታዩ ውስጡን ባዘቶ ሞላሁት። ተነድፎ ለፈትል የተዘጋጀ ጥጥ ብርሃንን እንዴት እንደሚይዝ ያላየ ሰው አይገባውም። ብርሃኑ ከአምፖሉ ይወጣና ጥጡ ውስጥ መንገድ ይጠፋዋል፤ ሲወጣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ሰማዩ ዳመና በሆነ አንድ ከሰዓት ሰይፉን ሱቁ ውስጥ አብርቼ ቆምኩ። ጋሽ እንድሪስ ማንም ሳያዛቸው መንገዱን ተሻግረው ዞሩ። ጋሪ አለፈ፣ አህያ አለፈ። ከማዶ ሆነው «ነጋ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ሬዚስተር አልነካሁም።

ደብረ ታቦር ላይ አሳየን፤ እብናትም ወርደን አሳየን። አዳራሹ ሲጨልምና ሰይፉ ሲበራ የሕዝቡ ትንፋሽ አንድ ላይ ሲሰበሰብ ይሰማኝ ነበር። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ነኝ። ያን ጊዜ ሰይፉን እያየሁ የማስበው ነገር አልነበረም፤ ወንዛዬ እንፋሎቱ ውስጥ የቆምኩ ብቻ ይመስለኛል።

ጋሳይ የተጠራነው በሽማግሌዎች ነው። ጋሳይ በጉና እግር ሥር ያለች ብርዳም የገበያ ከተማ ናት። ጊዜው ኅዳር ነበር፤ ገብሱ ታጭዷል፣ ጤፉ ሊታጨድ ነው። ሽማግሌዎቹ ለምን እንደጠሩን ለጥላሁን በደፈናው ነው የነገሩት፤ መሐላ ቀልድ እንዳልሆነ ሕዝቡ ይይልን ብለው። እውነቱን የነገረኝ አስማረ ነው፣ መኪናው ውስጥ፣ በጆሮዬ። አስማረ የእውነተኛውን ሰው ቦታ የሚተውን የጋሳይ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት የእነአስማረ ጎረቤት የሆኑት፣ ባል የሞተባቸው እትዬ ጥሩ፣ የጤፍ ክምራቸው በሌሊት ተቃጥሎባቸዋል። የተጠረጠሩት የአስማረ አባት አያ ታደለ ናቸው። ከቃጠሎው በፊት በድንበር ተጣልተው አያ ታደለ በንዴት «እህልሽ አመድ ይሁን» ብለዋቸው ነበር፤ አገር ሁሉ ሰምቷል። ዓመቱን ሙሉ ሽማግሌ ሲመላለስ ቆይቶ ነገሩ ወደ መሐላ ደረሰ። በመጪው እሑድ አያ ታደለ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው በዘራቸው ሊምሉ ነው። ከማሉ እትዬ ጥሩ ሊቀበሉ ቃል ገብተዋል። ካልተቀበሉ ግን ወንድሞቻቸው ዝም አይሉም፤ እነአስማረ መሬታቸውን ጥለው አገር መልቀቅ ነው።

ለምን ለጥላሁን እንዳልነገረው ጠየቅሁት። ሌላ ሰው እንዳይተካብኝ ነው አለኝ። ሽማግሌዎቹም ልጁ መሆኔን ያውቃሉ፣ እትዬ ጥሩም ያውቁኛል፤ «አላደረግሁትም» የሚለውን ቃል ከእኔ አፍ አስቀድመው ይስሙት አለ። ከመስኮቱ ወደ ጉና አየ። ጫፉ በጭጋግ ተሸፍኗል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እኔ አባቴን አምነዋለሁ አለ። ያልጠየቅሁትን ነበር የመለሰልኝ።

ከመግባታችን በፊት ሾፌሩ የሰይፉን የባትሪ ድንጋዮች የመኪናው ሞተር ክዳን ላይ ፀሐይ አሰጣቸው። ይህን የማያደርግ የለም፤ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጠግቦ ይመለሳል። እኔም አይቼ ዝም አልኩ፤ እብናት ላይም እንዲሁ አድርገን ነበር። አዳራሹ መስኮቶቹ በሸራ ተሸፍነው ጨልሟል፣ ወለሉ አፈር ነው፣ ከግድግዳው ቅዝቃዜ ይወጣል። ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። እትዬ ጥሩ ሁለተኛው መደዳ ላይ ነበሩ። አያ ታደለ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

ሰይፉ ሲበራ ነጭ ነበር። ዳኛው ይዞት ረጅም ንግግር አለው፤ ያን ቀን ሕዝቡ ሲያዳምጠው ጊዜ ይበልጥ አስረዘመው። ከዚያ ለአስማረ ሰጠው። አስማረ በሁለት እጁ ያዘውና መማል ጀመረ። ቃሉን ስለማውቀው ከንፈሬ አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር። መሐል ላይ ሲደርስ ባዘቶው ዳር ዳሩ እንደ ምሽት ደመና ሲቀላ አየሁ። ዓይኔ የደከመ መስሎኝ ፊቴን አዙሬ ግድግዳውን አየሁና ተመለስኩ። ቀልቷል። አስማረ ዓይኑ ሕዝቡ ላይ ስለሆነ አላየም። «አላደረግሁትም» የሚለውን የመጨረሻ ቃል ሲል ሰይፉ በእጁ ላይ ደም መስሎ ነበር።

አንድ ሰው ስመ ሥላሴ ሲል ተሰማ። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና በሰው መሐል ወጡ። በሩ ላይ በአያ ታደለ ፊት ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩዋቸውም። ውጭ ለሽማግሌዎቹ የነገሯቸውን አንዱ ሽማግሌ መጥተው ነገሩን፤ ምልክት ታይቷል፣ የታደለን መሐላ አልቀበልም ብለዋል። ጥላሁን ሽቦ ነው፣ መጫወቻ ነው እያለ ብዙ ተናገረ። ሽማግሌው አዳመጡትና «ልጄ፣ ሽቦ መሆኑን እኛም አውቀናል። ሽቦስ የማን ነው፣ የእግዜር አይደለም?» አሉት።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሁሉም አስማረን ጣትህ ነክቶት ነው ይሉታል። አልነካሁም ይላል። ደብረ ታቦር ልንገባ ስንል ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«ሙሌ፣ ጣቴ አውቆ ይሆን?»

«ምኑን?»

«እኔ አባቴን አምነዋለሁ። ጣቴ ባያምነውስ?»

ቁልፏን እኔ ነኝ የሠራኋት፤ ሳትጫን እንደማትሠራ አውቃለሁ። ግን ሰይፉ ለምን እንደቀላ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ አላውቅም የሚል ሰው ደግሞ ማንንም አያጽናናም።

በማግስቱ ሱቅ ገብቼ አበራሁት። ነጭ ነው። ፈታሁት፣ ሽቦውን ሁሉ አንድ በአንድ ነካካሁ፣ የላላ የለም። አብርቼ ሲሚንቶው ላይ ተውኩትና የሰው ሬዲዮ ያዝኩ። ከመጋረጃው ወዲያ የጋሽ እንድሪስ የስፌት መኪና ቆመ።

«ሙሌ» አሉኝ፣ «መብራትህ አፍሯል።»

ዞሬ አየሁ። ቀልቶ ተኝቷል። ማንም አልያዘውም። ያኔ ገባኝ። ሰማያዊውና አረንጓዴው ብዙ ጉልበት ይፈልጋሉ፤ ቀዩ በጥቂት ያድራል። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ሁለቱ አስቀድመው ይወድቃሉ፣ ቀዩ ይቀራል። ብርድ ደግሞ ድንጋይን ያደክማል። ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ መጀመሪያ ላይ ጥጋቡን ያሳያል እንጂ ረጅም መሐላ አይችልም። ደብረ ታቦር ላይ ድንጋዮቹ አዲስ ነበሩ፤ እብናት ደግሞ ቆላ ቀመስ ስለሆነች አልገለጠችብኝም። ለጋሽ እንድሪስ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ አስማረም፣ ስለ እሑዱም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እኔ መንገድ ተሻግሬ አየሁልህ» አሉ። «ጋሳይ ተሻግረን አላየንም።»

ለሽማግሌዎቹ ደውዬ ላስረዳ አልኳቸው። መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሴትዮዋ ያየችው በዓይኗ ነው፣ በጆሮዋ አታወጣውም። መብራቱን ይዘህ ሂድ፣ አፍህን እዚህ ተወው አሉኝ።

ዐርብ ጠዋት ሰይፉን በጋቢ ጠቅልዬ ጋሳይ ሄድኩ። አስማረ አብሮኝ ሊመጣ አይችልም፤ የተጠርጣሪ ወገን የከሳሽን ደጅ አይረግጥም። እትዬ ጥሩ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። ሰላምታዬን ተቀበሉ። ሰይፉን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የቀላበትን ምክንያት ላሳይዎት ነው አልኳቸው። አገር ያየውን ምን ታሳየኛለህ አሉኝ፤ ቢሆንም በእጃቸው ወደ መደቡ ጠቆሙኝ። እዚያው ደጃፉ ጥላ ውስጥ አበራሁት።

ወለል ብሎ ነጣ። እስከዚያን ቀን እንደዚያ ነጥቶ አያውቅም። መንገዱን ሁሉ ብብቴ ሥር ሙቀቴን ይዞ እንደመጣ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

«ይኸው» አሉ እትዬ ጥሩ። «የታደለ ዘር ሳይዘው ነጭ ነው።»

ሰይፉን ላጠፋው ስል ግን ጎንበስ ብለው አዩት። ውስጡ ምንድን ነው አሉኝ። ባዘቶ ነው አልኩ። አምጣው አሉና እንዝርታቸውን አስቀምጠው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ብርሃኑ ጥጡን ከውስጥ ስላሳየው እያንዳንዱ ጉድፍ ይታያል።

«ማነው የነደፈው?»

«ከገበያ ነው የገዛሁት፣ እትዬ።»

«ጓጉሏል። እዚህ ጋ ፍሬው ሁሉ አልወጣም። ይኼ ተፈትሎ ሸማ ቢወጣው አህያም አይለብሰው።» በጣታቸው ከእጀታው እስከ ጫፉ እየተከተሉ የጓጎለውን ሁሉ አሳዩኝ። ጥሩ ባዘቶ ትንፋሽ ሲነካው የሚሸሽ ነው አሉ። ባለፈው ዓመት ይህን ያህል ጥጥ አላገኘሁም፣ ገንዘቡ ከጤፉ ነበር የሚመጣው አሉ። ሰይፉን ግን አልመለሱልኝም። ጭናቸው ላይ እንዳለ እጃቸውን አሳረፉበት። ከዚያ እኔ ሳልጠይቃቸው ስለዚያ ሌሊት ጀመሩ። በመስኮቱ ቀዳዳ ብርሃን ሲገባ የነጋ መስሏቸው ነበር። ዶሮውም ነግቷል ብሎ ጮኸ። ወንድሞቼ ዛሬ ሊወቁልኝ ይመጣሉ እያልኩ ነጠላዬን አነሣሁ አሉ። በሩን ሲከፍቱት ንጋቱ በአንድ ወገን ብቻ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ውሃ ሲደፋ እሳቸው የሰሙት የታደለን ቃል ብቻ ነው፣ እህልሽ አመድ ይሁን ያሉትን። ዓመቱን ሁሉ ወጥ ሲያማስሉ፣ ሲፈትሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ያን ቃል ይሰሙታል። ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩት፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ከበሩ ውጭ ነፋሱ ከጉና ይወርዳል። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክያለሁ።

ተናግረው ሲያበቁ ቀና አልኩ። ጭናቸው ላይ ያለው ነጭ ፈትል ቀልቷል። ቀሚሳቸውም፣ እጃቸውም ቀልቷል።

ጎንበስ ብለው አዩት።

«ምን ዋሸሁ?» አሉኝ።

«ምንም፣ እትዬ።»

«ታዲያ?»

«በርዶት ነው። ድንጋዩ ሲደክም ነጩን መያዝ ያቅተዋል።»

«ማንም ቢይዘው?»

«ማንም ብዙ ከያዘው ይቀላል።»

ሰይፉን አላነሡትም። አንድ ዶሮ ገብታ ወጣች። «እኔ እንኳ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ» አሉ። ከዚያ በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰጡኝ። ባዘቶውን አውጥቼ ላምጣልዎት፣ ዳግም ይነድፉልኛል ወይ አልኳቸው፤ እሱን ጣለውና ከእኔ ጥሩውን ውሰድ አሉኝ። አንድ እፍኝ ነጭ ባዘቶ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። የእሑዱን መሐላ ስለመቀበላቸው ምንም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከአስማረ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆምን። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። አያ ታደለ ጫማቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ አመድ መስለዋል። መሐላው በዘር ነው፤ ከሐሰተኛው ይልቅ እውነተኛውን የሚያስፈራ ነው። እትዬ ጥሩ ይመጡ አይመጡ ማንም አያውቅም ነበር። የአስማረ ትከሻ ከትከሻዬ ጋር ይነካካል። ሰው ሊበተን ሲል ከታች በኩል መጡ፣ ወንድሞቻቸውን አስከትለው። ሽማግሌው ተነሥተው፣ ጥሩ፣ መሐላውን ትቀበያለሽ ወይ ሲሉ ጠየቁ።

«መሐላው ይቅር» አሉ እትዬ ጥሩ።

ወንድሞቻቸው ተያዩ። ሽማግሌው፣ ታዲያ በምን እንለየው አሉ።

«መብራቱን በእጄ ይዤ እውነቴን ስናገር በእኔም ላይ ቀላ። ሰው እውነቱን ይዞም ይቀላል ማለት ነው። ልጆቹን በመሐላ አያስገባብኝ። ቃሉን ብቻ ይስጠኝ።»

አያ ታደለ በሰባት ዘር ሊምሉ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። ቃል ብቻ ሲጠየቁ አንድ ጊዜ ጀመሩና ተዉት። ደወሉ ሥር የቆሙት ሴቶች አንገታቸውን አዞሩ። ሁለተኛ ሲጀምሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይሆን ወደ እትዬ ጥሩ ዞረው ነበር።

«ጥሩዬ፣ አፌ ብሏል። እጄ አላደረገም።»

«እሺ» አሉ እትዬ ጥሩ።

ሽማግሌዎቹ ሌላ የሚባል ነገር ይኖር እንደሆነ ጠበቁ። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊሄዱ ዞሩና ቆም አሉ።

«ዘንድሮ ክምሬን ያንተ አውድማ ላይ ነው የምከምረው» አሏቸው። «የእኔ ውሻ እንቅልፋም ነው፤ ያንተው ይሻላል።»